ወደ ታች ነዋ!

የአንኮበር እሬት ግንዱ እስከ 6 ሜትር ይረዝማል። ከመጽሐፉ ወደ መትከያ ሰንጠረዡ የተገለበጠችው ይህቺ ቁጥር ብቻ ናት፤ ግንዱ ወዴት እንደሚሄድ የሚጻፍበት ቦታ ሰንጠረዡ ላይ አልነበረም። የአትክልት ቦታውን የሚያሠሩት ኢንጂነር ቁጥሯን አዩና ሜዳው መሃል፣ ዛፍ በማያጠላበት ቦታ፣ ጉድጓድ አስቆፈሩ። ለእያንዳንዱ ቁራጭም የባሕር ዛፍ ድጋፍ ታዘዘ።

ሽማግሌው አትክልተኛ የአንኮበር አገር ሰው ናቸው።

«ኢንጂነር፣ ይሄ ገደል ላይ ተንጠልጥሎ ነው እሚኖር። እንጨቱ ምን ያደርግለታል?»

«ጋሼ፣ 6 ሜትር ያድጋል ተብሎ ተጽፏል እኮ።»

«ያድጋል።»

«ታዲያ ወዴት ነው የሚያድገው?»

«ወደ ታች ነዋ!»

ኢንጂነሩ ወረቀቱን ገልበጥ አድርገው ጀርባውን አዩ። ባዶ ነው። «ለማንኛውም ይደገፍ» አሉና ሄዱ። ተደገፈ።

የዕፅዋት ተመራማሪዎቹ ጊልበርትና ሰብስቤ ደምሰው በ1997 እ.ኤ.አ. አሎ አንኮበሬንሲስ ብለው የሰየሙት ይህ እሬት የሚታወቀው በአንኮበር አካባቢ ነው። የሚገኘው ከ3,000 እስከ 3,500 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ቁጥቋጦ በያዘው ገደል ነው። ሥሩ የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ይገባል፣ ግንዱ ይንጠለጠላል፣ የቅጠሉ እቅፍ ወደ ውጭ ያዘነብላል። ዝናብ ቢወርድበት ልቡ ላይ አያድርም። ቀጥ አድርገው ሲያቆሙት ግን እቅፉ ውኃ ያቁራል። ከሥር ደግሞ ዋልካ ነው፤ በክረምት ውኃውን ይዞ አይለቅም። መበስበስ የሚጀምረው ከመሃል ቅጠል ነው፦ መጀመሪያ ይገረጣል፣ ሲስቡት ያለ ትግል ይነቀላል፣ ጫፉ ይሸታል። ግንዱም ራሱን ለመሸከም የተሠራ አይደለም፤ ከባድ ራስ በቀጭን ግንድ ላይ ነውና ንፋስ ባወዛወዘው ቁጥር የታሰረበት ሲባጎ ይልጠዋል። በቁስሉም ብስባሽ ይገባል። ነሐሴ ሳያልቅ ከድጋፎቹ አብዛኞቹ ምንም አልደገፉም።

የተረፉትን ጋሼ ናቸው ያዳኑት። ከብስባሹ በላይ፣ የተቆረጠው ቦታ ላይ ቡናማ ነጥብ እስኪጠፋ ድረስ ቆረጡ፤ በየቁራጩ መካከል ቢላውን በአልኮል እየጠረጉ። 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ግንድ ያለው ቁራጭ ይበቃል። የታች ቅጠሎቹ ተለቅመው፣ ጥላ ውስጥ ሁለት ሳምንት ተጋድሞ ቁስሉ ደርቆ ቆዳ ያወጣል። እዚህ ላይ የሚቸኩል ሰው ነው ተክሉን የሚያጣው። ድብልቁ ሁለት እጅ የተነፋ ቀይ አሽ፣ አንድ እጅ የወንዝ አሸዋ፣ አንድ እጅ የበሰለ ኮምፖስት ነው። ከተተከለ በኋላ አሥር ቀን ውኃ አይነካውም፤ ከዚያም ጣት ገብቶ እርጥበት ካገኘ አይጠጣም።

ቦታው ደግሞ ተገኘ፤ ለመኪና ማቆሚያው ያለ ሲሚንቶ እየተካበ የነበረው ድንጋይ። የኢንጂነሩ ሥራ ነው፣ እውነቱን ለመናገር ግሩም ካብ ነው፦ በየሜትሩ 10 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ያዘነበለ፣ ከጀርባው ጠጠር የተሞላ። እሬቱ የገባው ካቡ እየተሠራ ነው፤ ካለቀ በኋላ ስንጥቅ ውስጥ መወተፍ ሥሩን ይሰብራል። ግንዱ በድንጋይ ረድፍ ላይ ይጋደማል፣ ራሱ ወደ ውጭ ትንሽ ዘቅዘቅ ይላል፣ ሥሩ ከኋላ ካለው ድብልቅ ጋር ይገናኛል፣ ከዚያ ቀጣዩ ድንጋይ ግንዱን ሳይጨፈልቅ ይቀመጣል። ቁራጮቹ ሥር ያዙ።

ጎብኚዎች ሲመጡ ኢንጂነሩ «ይህ ዝርያ ተንጠልጣይ ስለሆነ ካቡን ታስቦበት ነው የሠራነው» ብለው አስረዱ። ጋሼ ቧንቧ ይዘው አጠገባቸው ነበሩ፤ ዝም አሉ።

በሳምንቱ አዲስ ትእዛዝ ወጣ፦ እሬት የተባለ ሁሉ ወደ ካቡ ይዛወር። አሎ ደብራና ጭምር! ደብራና እኮ ግንድ የሚባል የላትም፤ በደጋው ሣር ሜዳ፣ ስስ አፈር ላይ መሬት ይዛ የምትኖር ናት። የሚንጠለጠል ነገር የላትም።

ጋሼ ደብዳቤውን አስነበቡና «እሷንም ገደል ሊከቷት ነው?» አሉ። ከዚያ አካፋቸውን አነሡ፤ ትእዛዝ ትእዛዝ ነው። ሦስቱን ብቻ አዛውረው፣ የቀሩትን «በክረምት ይሻላል» እያሉ እስካሁን ያቆዩአቸዋል።