ወደ ይስማ ንጉሥ ያልተሄደው ጉዞ

በደሴ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ፤ መምህር ሲጎድል የዜግነት ትምህርትም ይደረብልኛል። ሁለቱን ማጣመር የጀመርሁት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ዛሬ ለያያቸው ብባል ግን አልስማማም።

የመረጥሁት የውጫሌን ውል ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ይህ ውል በአንቀጽ 17 ላይ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በኢጣልያ በኩል ከሌሎች መንግሥታት ጋር መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ የጣልያንኛው ቅጂ ግን ነገሩን ግዴታ አድርጎታል። ዐፄ ምኒልክ ውሉን በ1885 ዓ.ም. መሰረዛቸውንና ጉዳዩ በዐድዋ መቋጨቱን ተማሪዎቼ ያውቁታል። እኔ የጨመርሁት የ1987ቱን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 9 እና 55 ማስነበብ ነበር፤ ዓለም አቀፍ ስምምነት የአገር ሕግ የሚሆነው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሲያጸድቀው መሆኑን ካዩ በኋላ፣ «አንቀጽ 17 ዛሬ ቢቀርብ ማን ያነብበው ነበር?» ብዬ ስጠይቅ ተናግረው የማያውቁ ልጆች ሳይቀሩ እጃቸውን አወጡ።

ስለዚህ ውሉ የተፈረመበትን ይስማ ንጉሥን ላሳያቸው ቆረጥሁ። በሐይቅ በኩል ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ፣ ደርሶ መልስ የአንድ ቀን ጉዞ ነው። የተነገረኝ ቅደም ተከተል የወላጅ ስምምነትና መዋጮ ቀድሞ፣ የፈቃድ ደብዳቤው በኋላ እንዲሆን ነበር፤ እኔም እንደተባልሁት ከ52 ተማሪዎች ገንዘብ ሰበሰብሁ፣ ለአውቶቡሱም ቀብድ ከፈልሁ። ማመልከቻዬን ይዤ ፈቃድ ሰጪው ቢሮ ስሄድ አንደኛው ባለሙያ «ይቻላል፣ አትቸገር» አለኝ። ሐሙስ ስመለስ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልሁ፤ ዓርብ ረፋድ «የጉዞው ዓላማ በግልጽ አልተጻፈም» ተብሎ ማመልከቻው ተመለሰ፤ አስተካክዬ ከሰዓት ሳቀርበው ማኅተም ያዡ ወጥተው ነበር። በስልክ ደግሞ ያው ባለሙያ «ጠዋት ይደርሳችኋል» አለኝ፤ አመንሁት። ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ልጆቹ ምሳቸውን ቋጥረው በደሴ ብርድ በር ላይ ቆመው ነበር። ሹፌሩ ያለ ደብዳቤ ኬላ አላልፍም አለ፤ መብቱ ነው። እስከ 3 ሰዓት ጠበቅን። ያን ጊዜ አንዲት ተማሪ ቀረብ ብላ በዝግታ «ቲቸር፣ እነሱም እኮ ይቻላል ነው ያሉት» አለችኝ። ለሳምንታት ያስተማርሁትን እሷ ይዛዋለች፤ እኔ ግን በቃል የተነገረኝን እንደ ፈቃድ ቆጥሬ ልጆቹን ብርድ ላይ አቆምሁ። በባለሙያው የተናደድሁትን ያህል በራሴም እናደዳለሁ። ቀብዱ አልተመለሰም፤ ለልጆቹ ከደመወዜ መለስሁ።

መመሪያው ምንም ይበል፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት እጃችሁ ሳይገባ አንድ ብር አትሰብስቡ፤ ለልጆቹም ቀን አትንገሩ።

በዚያው ቀን በእግር ወደ አይጠየፍ፣ ንጉሥ ሚካኤል እዚሁ ደሴ ወዳሠሩት የግብር አዳራሽ፣ ወሰድኋቸው። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ የሃይማኖት ጉባኤ ጋር ተያይዞ ክርስትና ተነሥተው፣ መሐመድ አሊ መባል ቀርቶ ሚካኤል የተባሉት እኚህ የወሎ ገዥ፣ በ1906 ዓ.ም. ንጉሥ ሆነው፣ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ ጦርነት ተሸነፉ። የጽሑፍ ሕገ መንግሥት የመጣው በ1923 ዓ.ም. ነውና፣ ከዚያ በፊት ሥልጣን በምን ይወሰን እንደነበር አዳራሹን እያዩ ሲከራከሩ ምሳ ሰዓት አለፈ። ወላጆቻቸው በየዕለቱ የሚያልፉበት፣ አውቶቡስም ኬላም የማይጠይቅ ቦታ ነው፤ ከዚህ አለመጀመሬ ይቆጨኛል። ይስማ ንጉሥን ከእነዚያ 52 ልጆች ጋር ሳላየው ተመረቁ።