ዐሥር ነጥብ ያመጣ ሁሉ ታማሚ አይደለም

በየጊዜው «ከሦስት ተማሪዎች አንዱ ድባቴ አለበት»፣ «ከነፍሰ ጡሮች ሩብ ያህሉ በድባቴ ይሠቃያሉ» የሚል ዓይነት ርዕስ እናነባለን። እኔ በጤና ጣቢያ ተመላላሽ ክፍል ተቀምጬ እንዲህ ያሉ ቁጥሮች የሚወጡባቸውን መጠይቆች ስሞላ የኖርኩ መረጃ ሰብሳቢ በመሆኔ፣ ርዕሱን ሳይ መጀመሪያ የምፈልገው ከመቶ ስንት እንደተባለ ሳይሆን በምን እንደተለካ ነው። መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ፒኤችኪው-9 የሚባለው ባለ ዘጠኝ ጥያቄ የድባቴ መጠይቅ ሆኖ አገኘዋለሁ።

ይህን መጠይቅ ያዘጋጁት አሜሪካውያኑ ሮበርት ስፒትዘር፣ ጃኔት ዊሊያምስና ከርት ክሮንኬ ሲሆኑ፣ ብቃቱን ያሳዩበት ዋናው ጽሑፍ የታተመው በ2001 እ.ኤ.አ. ነው። ዘጠኙ ጥያቄዎች የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ለከባድ ድባቴ ካስቀመጣቸው ዘጠኝ ምልክቶች ጋር አንድ በአንድ ይገጥማሉ። ታካሚው ባለፉት ሁለት ሳምንታት እያንዳንዱ ችግር ምን ያህል እንዳስቸገረው ይጠየቃል፤ «በፍጹም» ካለ ዜሮ፣ «በየቀኑ ማለት ይቻላል» ካለ ሦስት ይሰጠውና ድምሩ ከ0 እስከ 27 ይሆናል። 10 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው ይጠረጠራል እንጂ ታማሚ ነው አይባልም። ሕመሙ አለ የሚባለው አንድ ባለሙያ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ከዘጠኙ ምልክቶች ቢያንስ አምስቱ ለሁለት ሳምንት መቆየታቸውን፣ ከእነዚህም አንዱ የስሜት መጨለም ወይም ለነገሮች ፍላጎት ማጣት መሆኑን፣ የሰውየው ሥራና ኑሮ መታወኩን፣ ደግሞም ነገሩ ከሌላ ሕመም ወይም ከመድኃኒት አለመምጣቱን ሲያረጋግጥ ብቻ ነው።

በመጠርጠርና በማረጋገጥ መካከል ያለው ርቀት ምን ያህል እንደሆነ በአገራችን ተለክቷል። በአዲስ አበባ በአንድ ትልቅ ሪፈራል ሆስፒታል 926 ተመላላሽ ታካሚዎች የተሳተፉበትና በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ የመጠይቁን ውጤት «ስካን» ከሚባለው የዓለም ጤና ድርጅት ጥልቅ ቃለ መጠይቅ ጋር አነጻጽሮ ነበር። መቁረጫ ነጥቡ 10 ሲሆን መጠይቁ ከእውነተኞቹ ታማሚዎች 86 በመቶውን ያዘ፤ ሕመሙ ከሌለባቸው ግን በትክክል ነጻ ያለው 67 በመቶውን ብቻ ነው። ቁጥሮቹ ጥሩ ይመስላሉ፤ ሒሳቡን ሠርተን እንየው። ከ1,000 ታካሚዎች 100ው በእርግጥ ድባቴ አለባቸው እንበል። መጠይቁ ከእነዚህ 86ቱን ይይዛል። ከቀሪዎቹ 900 ሰዎች ደግሞ ሲሦው፣ ማለትም 297 ያህሉ፣ ሳይታመሙ 10 እና ከዚያ በላይ ያመጣሉ። በጠቅላላው 383 ሰው «ተገኘበት» ማለት ነው። አንድ ተመራማሪ እዚህ ላይ ቆሞ ቢጽፍ እውነቱ 10 በመቶ የሆነውን 38 በመቶ ብሎ ያትመዋል። ይህ በእኛ አገር ብቻ የሚታይ ጉድለት አይደለም። በ2020 እ.ኤ.አ. 44 ጥናቶችን አጣምሮ የመረመረ ሥራ፣ በመጠይቁ 24.6 በመቶ የተባለው በባለሙያ ቃለ መጠይቅ ሲታይ 12.1 በመቶ ሆኖ አግኝቶታል።

ታዲያ መቁረጫውን ከፍ ማድረግ አይበቃም ወይ? ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሕዝብ ጤና ጥናት ሲካሄድባት በኖረችው በቡታጅራ፣ በጤና ጣቢያ ታካሚዎች ላይ ተመሳሳይ ማነጻጸሪያ ሲሠራ የተሻለ ሆኖ የተገኘው ነጥብ 5 ነበር። ስለዚህ በአንዱ ሆስፒታል ብዙ ጤነኛ የሚያጠምደው ቁጥር በሌላው ቦታ ታማሚውን ሊያሳልፍ ይችላል። አንዱን ቁጥር አምጥቶ በሁሉም አካባቢ መለጠፍ ሳይንስ ይመስላል እንጂ ሳይንስ አይደለም፤ በብዙ የመመረቂያ ጽሑፎቻችን ላይ ግን ይህን ደጋግሜ አያለሁ።

መጠይቁ እንዲህ የሚስትበት ምክንያት ወረቀቱን ይዞ ለተቀመጠ ሰው ግልጽ ነው። አምስተኛው ጥያቄ የምግብ ፍላጎት ማጣትን ወይም ከልክ በላይ መብላትን ይመለከታል። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምሱ የሚውሉ እናት ሲጠየቁ፣ ያልበሉት ስለጾሙ ነው ወይስ ስላስጠላቸው? ቤታቸው ብዙም የሚበላ የሌለባቸው አንዲት አሮጊት ደግሞ «ልጄ፣ ምን ቀርቦልኝ ነው ይህን የምትጠይቀኝ?» ብለውኛል። መመሪያው ጥያቄውን ደግሜ እንዳነብ እንጂ እንዳብራራ አይፈቅድልኝም፤ ምልክት ማድረግ ግን አለብኝ። ሌሊቱን ሙሉ ሕፃን ስታጠባ ያደረችው እንቅልፍ ስለማጣት፣ ውሃ ቀድታ የመጣችው ስለ ድካም ስትጠየቅ ነጥቡ ይደመራል። ሰባተኛው ጥያቄ ደግሞ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻልን ሲያስረዳ በምሳሌነት የሚጠቅሰው ጋዜጣ ማንበብንና ቴሌቪዥን ማየትን ነው! የአገራችን ተመራማሪዎች ለአካባቢው የሚስማማ ምሳሌ ሊተኩበት ይሞክራሉ፤ ሁሉም ግን አይደሉም። ስካንን የመሰለው ቃለ መጠይቅ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ባለሙያው መልሱን ከመመዝገቡ በፊት «ከመቼ ጀምሮ? ለምን ይመስልሻል? ከዚያ በፊትስ?» እያለ ነገሩን ፈልፍሎ ያወጣዋል።

ባለሙያውስ ቢሆን ፍጹም አይደለም። ዘጠኙ ምልክቶች የሰፈሩበት የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የሕመም መለያ መመሪያ አምስተኛ እትም በ2013 እ.ኤ.አ. ከመውጣቱ በፊት በተደረገው የመስክ ሙከራ፣ ሁለት ሐኪሞች አንዱን ታካሚ ለየብቻቸው መርምረው ስለ ከባድ ድባቴ የተስማሙበት ልክ 0.28 ነበር፤ በዚህ መለኪያ 1 ፍጹም ስምምነት፣ 0 ደግሞ እንዲሁ በዕድል የሚገጥም ስምምነት ነው። ለዚህ አንዱ ምክንያት የሕመሙ መልክ ብዛት ይመስለኛል። ፍሪድና ነሲ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ፣ ሁሉም ከባድ ድባቴ ያለባቸውን 3,703 ታካሚዎች ምልክት ሲያነጻጽሩ 1,030 የተለያዩ የምልክት ስብስቦች አገኙ፤ ከሁሉም በብዛት የታየው ስብስብ እንኳ የ1.8 በመቶውን ታካሚ ብቻ የሚወክል ነበር። በዚህ ሁሉ ላይ አንድ ስም ለጥፎ አንድ የደም ምርመራ መፈለግ ለምን እንዳልሠራ ከዚህ መረዳት ይቻላል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ብዙ ተስፋ የተጣለበት፣ ዴክሳሜታሶን የተባለ መድኃኒት ተሰጥቶ የሚደረገው የደም ምርመራ ክብደት በመቀነስና በሌሎች ሕመሞችም ስለሚዛባ፣ ለመለየት አልበቃም ተብሎ ቀርቷል።

ይህን ሁሉ ስል ድባቴ ተጋነነ ለማለት እንዳይመስል እሰጋለሁ፤ በየሕክምና ክፍሉ ያለው ችግር ተቃራኒው ነውና። በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመ በ14 አገሮች የተካሄደ የዓለም ጤና ድርጅት ጥናት፣ ከባድ ድባቴ ከተገኘባቸው 1,146 ሰዎች 69 በመቶዎቹ ለሐኪም የነገሩት የአካል ሕመም ብቻ እንደነበር አሳይቷል። እኛም ዘንድ ራሴን ያመኛል፣ ያቃጥለኛል፣ ልቤ ይመታል፣ ወገቤ ተቆረጠ ብሎ የመጣው ሰው በረጅሙ ወረፋ መካከል የሕመም ማስታገሻ ይዞ ይመለሳል። መጠይቁ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ጤና መኮንኑ ቆም ብሎ ሁለተኛውን ውይይት እንዲጀምር ያደርገዋል። የእኔ ቅሬታ ሁለተኛው ውይይት ሳይደረግ የመጀመሪያው ነጥብ ብቻውን በጋዜጣ ሲወጣ ነው።

የመጨረሻው ጥያቄ ስለ ሞት ነው። «ምነው ፈጣሪ በወሰደኝ» ማለት በእኛ ዘንድ የምሬት ንግግር ነውና፣ አዎ ያለ ሰው ሁሉ ራሱን ለማጥፋት አስቧል ማለት አይደለም፤ ያሰበ ሰው ደግሞ ኃጢአት ነው ብሎ ሊደብቀው ይችላል። ስለዚህ በደንብ በተዘጋጀ ጥናት መረጃ ሰብሳቢው አዎ የሚል መልስ ከሰማ ሰውየውን ብቻውን አይተወውም፤ ሐሳብ ብቻ ነው ወይስ ዕቅድም አለ የሚለውን በተሰጠው ቅደም ተከተል ጠይቆ፣ በዚያው ቀን ከባለሙያ ጋር ያገናኘዋል። ባለሙያ በአጠገብ በማይገኝባቸው ዳሰሳዎች ይህን ጥያቄ አውጥቶ በስምንቱ ብቻ የሚሠራ ፒኤችኪው-8 የሚባል ቅጂ አለ። ለስልክ ዳሰሳ ምክንያቱ ይገባኛል። ቤት ለቤት ለሚዞር ጥናት ግን አልስማማም፤ የምንልክበት ጤና ጣቢያና የሚቀበል ነርስ ካልተዘጋጀ ቀሪዎቹን ስምንት ጥያቄዎችም ይዘን በሰው ደጅ መቆም ያለብን አይመስለኝም።