ሁለት ጊዜ ዲስክ ያስጠየቀችኝ ቪትዝ

ከአዳማ ስንመለስ ነው የጀመረው። ፈጣን መንገዱ ላይ መቶ ይዤ መጥቼ ቱሉ ዲምቱ ክፍያው ጋ ፍሬን ስይዝ መሪው እጄ ላይ ወባ እንደያዘው ሰው ተንዘፈዘፈ፣ ባለቤቴ ደሞ በፔርሙዙ ክዳን ቡና ቀድታ ይዛ ነበርና ቀሚሷ ላይ ተደፋ። ፍሬኑን ስለቀው ጸጥ፣ ስይዘው ያው።

በማግስቱ ጎሚስታ ጋ ሄጄ ባላንስ አሠራሁ፣ ምንም ለውጥ የለም። ሲጀመር ጥፋቱ የኔ ነው፣ የባላንስ ችግር ቢሆን ኖሮ ፍሬን ሳልነካም 80 90 ላይ ስደርስ ትንቀጠቀጥ ነበር፣ የኔዋ ግን ፍሬን ካልያዝኩ ቅቤ ናት። ቀጥሎ ጋራዥ ወሰድኳት፣ መካኒኩ ትንሽ ነድቶ መጣና "ዲስኩ ተጣሟል፣ ቀይረው" አለኝ (ዲስክ ማለት ከጎማው ጋ አብሮ የሚዞረው ክብ ብረት ነው፣ ፍሬን ስትይዝ ሸራው ከሁለት ጎን ጨብጦ ያቆመዋል)፣ እኔም እሺ ብዬ ሱማሌ ተራ ወርጄ ሁለት አዲስ የፊት ዲስክ ከነሸራው ገዝቼ አስገጠምኩ። አሮጌዎቹን ቆራሌው ወሰዳቸው (አሁን ሳስበው ያንጀቴ ነው የሚነደው)። በቃ ለሦስት ወር ምናምን ሰላም ሆነች፣ ከዛ አራት ሺ ኪሎሜትር ገደማ እንደነዳሁ ያው በሽታ ተመለሰላችሁ። ያው ጋራዥ ተመልሼ ስሄድ "የገዛኸው ፎርጅድ ነው፣ ሌላ አምጣ" ተባልኩ።

እዚህ ጋ ነው ቶርኖ ቤት የሚሠራ ጓደኛዬን የደወልኩለት። መጀመሪያ የጠየቀኝ "የሚንቀጠቀጠው መሪው ነው ወይስ መቀመጫህ?" ብሎ ነው። መሪው ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከፊት ነው፣ መቀመጫና ወለሉ ከሆነ ከኋላ። ለማረጋገጥ ባዶ መንገድ ላይ በ40 እየሄድን የእጅ ፍሬኑን ቁልፉን እንደተጫንኩ ቀስ ብዬ እንድስበው አደረገኝ፣ የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላውን ብቻ ስለሆነ ችግሩ የኋላው ታንቡሮ (የኋላ ጎማ ክብ የፍሬን ቤት) ላይ ቢሆን እዛው ይታወቅ ነበር። ምንም አላለችም። ስለዚ ፊት ነው።

ቅዳሜ ግቢያችን ውስጥ በክሪክ አነሳናት፣ ጎማውን ፈታንና ዳዶዎቹን መልሰን ዲስኩ ላይ አጥብቀን የሱን ዳያል ጌጅ (ዲስኩ ሲዞር ምን ያህል እንደሚወላገድ በመርፌ የምታሳይ መለኪያ) ተከልን። ዲስኩን በእጅ ቀስ እያረግን ስናዞረው መርፌዋ ትወጣለች ትወርዳለች፣ 0.12 ሚሊሜትር። "ይሄ ምን አላት፣ የፀጉር ውፍረት እኮ ናት" ስለው ሳቀብኝ፣ የሚፈቀደው 0.05 ነው አለኝ። ከዛ ፒንሳውን (ሸራዎቹን ይዞ ዲስኩን የሚጨብጠውን) አውርደን ዲስኩን አወጣነውና ከኋላው ያለውን ሞዞ፣ ማለት ዲስኩና ጎማው የሚታሰሩበትን የሚዞር ብረት፣ አየሁት፣ ፊቱ ላይ ዝገቱ እንደ ቂጣ ቅርፊት ተነባብሮ ተቀምጧል፣ የኔ መካኒክ አዲሱን ዲስክ እዛ ዝገት ላይ እንዳለ ነው የደነቀረው!

እና ነገርዬው እንደዚ ነው። ዲስኩ አዲስና ቀጥ ያለ ነው፣ ግን የተቀመጠበት ቦታ አንድ ጎን ከፍ ስላለ ሲዞር ይወላገዳል፣ ሞዞው ጋ ያለች ኢምንት ዝገት ዲስኩ ጠርዝ ጋ ስትደርስ ትበዛለች። መጀመሪያ ላይ ምንም አይሰማህም። ግን ፍሬን ሳትይዝም በየዙሩ ያቺው አንድ ቦታ ሸራውን ሽው እያለች ትነካዋለች፣ በሺዎች ኪሎሜትር ውስጥ እሷ ቦታ ትሳሳለች፣ ዲስኩ አንዱ ጋ ወፈር አንዱ ጋ ቀጠን ያለ ይሆናል ማለት ነው። ከዛ ፍሬን ስትይዝ ወፍራሙ ቦታ ሸራውን ወደ ኋላ ይገፋዋል፣ ቀጭኑ ይለቀዋል፣ እሱ ነው መሪህን የሚያርገበግበው። ለዛ ነው በሽታው የተቀየረ ቀን ሳይሆን ከወራት በኋላ የሚመጣው፣ ለዛም ነው ሁሉም "ፎርጅድ ነው" የሚለው። የዲስኩን ውፍረት በማይክሮሜትር ዙሪያውን ስምንት ቦታ ለካነው፣ በወፍራሙና በቀጭኑ መሀል ያለው ልዩነት 0.03 ሚሊሜትር ነበር።

ሞዞውን በሽቦ ብሩሽ ከዛ በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ድረስ አሸነው፣ ግማሽ ቀን ፈጀብን። ዲስኮቹን ቶርኖ ቤት ወስዶ ሁለቱንም ፊት በስሱ ላጣቸው (ከዚህ በታች መሳሳት የለበትም የሚለው ልክ ዲስኩ ላይ ራሱ ተጽፏል፣ ሳታዩ እንዳታስልጡ)። መልሰን በዳያል ጌጁ ስንለካው መወላገዱ ከ0.12 ወርዶ 0.03 ላይ ቆመ።

የጎማ አስተሳሰሩ ደሞ ሌላ ጉድ ነው። ጎሚስታው በአየር መፍቻው አንዱን ዳዶ ጥርቅም አርጎ ወደ ቀጣዩ ይሄዳል፣ አንዳንዱማ መፍቻው ላይ በእግሩ ይቆምበታል፣ እንደዛ እኩል ሳይሆን ሲጠብቅ ዲስኩን ይጎትተዋል። የቪትዝ ልኩ 103 ኒውተን ሜትር ነው፣ አንድ ሜትር ዘንግ ጫፍ ላይ አስር ኪሎ ተኩል እንደማንጠልጠል በሉት፣ እሱም በመስቀለኛ፣ ትንሽ ትንሽ እያሉ። ቶርክ መፍቻ ገዛሁ፣ የኋላ ኮፈን ውስጥ ነው የምትኖረው፣ ጎማ ባስጠገንኩ ቁጥር ሳወጣት ጎሚስታዎቹ ይስቁብኛል፣ ይሳቁ።

እሁድ ማለዳ ቀለበት መንገዱ ጭር እንዳለ ወጥቼ ከ60 ወደ 15 እያወረድኩ፣ ሙሉ በሙሉ ሳልቆም፣ አስር ጊዜ ያህል ፍሬን ያዝኩ፣ አዲስ የተላጠ ዲስክና ሸራ መላመድ አለበት። ሸራው ትንሽ ሸተተኝ፣ ከዛ ተወው።

ይሄው ስድስት ወር ሊሞላው ነው፣ ሰባት ሺ ኪሎሜትር ነድቻለሁ፣ ባለፈው ሳምንትም አዳማ ደርሰን መጣን። መሪው ንቅንቅ አላለም። ባለቤቴ ግን ቱሉ ዲምቱ ሳንደርስ ቡናዋን ጨርሳ የፔርሙዙን ክዳን ጥርቅም አርጋ ዘግታ ነበር።