በእትዬ ስም የሚከፈተው ሒሳብ

ባለፈው ጥር አጎቴና ባለቤታቸው ከአሜሪካ መጥተው ባሕር ዳር እኛ ዘንድ በሰነበቱበት ወቅት፣ ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ አጎቴ ከቦርሳቸው አንድ ፖስታ አውጥተው «የሒሳብ ሰው ነህና እስቲ ይህችን እይልኝ» አሉኝ። የጤና ቁጠባ ሒሳባቸው መግለጫ ነበር። በ2025 ውስጥ 10,550 ዶላር አስገብተዋል፤ ሁሉም ግን በአጎቴ ስም ነው።

ይህ ሒሳብ፣ መድኑ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ታካሚው ከኪሱ ከፍ ያለ ወጪ የሚሸፍንበት የመድን ዓይነት ያላቸው አሜሪካውያን፣ ሲያስገቡም ለሕክምና ሲያወጡም ግብር ሳይከፍሉበት የሚያጠራቅሙት ነው። የ2025 የቤተሰብ ጣሪያ 8,550 ዶላር ሲሆን፣ 55 ዓመት የሞላው ሰው 1,000 ዶላር ይጨመርለታል። ሁለቱም 55 ስላለፉ የአጎቴ ድምር ልክ ነበር፤ የተሳሳተው ቦታው ነው። 8,550ውን ባልና ሚስት እንደፈቀዱ ይከፋፈሉታል ወይም በአንዳቸው ሒሳብ ያኖሩታል፤ የዕድሜው 1,000 ግን በየራሳቸው ስም በተከፈተ ሒሳብ መግባት አለበት፤ በጋራ የሚከፈት የጤና ቁጠባ ሒሳብም የለም።

የአጎቴ ባለቤት እትዬ ከፋቸው። «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ከአንድ ጎተራ የበላን ሰዎች፣ ዛሬ የእኔና የእርሱ ይባልብን?» አሉኝ። ጎጃም ያደገ ሰው ይህ ጥያቄ ይገባዋል፤ እኔም ለመመለስ ከብዶኝ ነበር። ሆኖም ትርፉ 1,000 ዶላር እዚያው ከቆየ በየዓመቱ 6 በመቶ ቅጣት ይታሰብበታል።

ደግነቱ የ2025ን ለማስገባትና ለማስተካከል ቀነ ገደቡ ኤፕሪል 15 ቀን 2026፣ በእኛ ሚያዝያ 7 ቀን 2018 ስለነበር ጊዜው አላለፈም። አጎቴ ትርፉን ካስገኘው ወለድ ጋር እንዲያወጡ፣ እትዬም በስማቸው ሒሳብ ከፍተው የ2025ን 1,000 እንዲያስገቡ ተስማማን።

ከዚህ ይልቅ ያሳሰበኝ የአጎቴ ዕድሜ ነው። 66 ዓመታቸው ሲሆን እስካሁን ያዘገዩትን ሜዲኬር፣ ማለትም በዋናነት 65 ዓመት ለሞላቸው የሚሰጠውን የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን፣ ሊጀምሩ አስበዋል። ሜዲኬር የጀመረ ሰው ያጠራቀመውን ይጠቀማል እንጂ አዲስ ገንዘብ አያስገባም፤ ዘግይቶ ሲመዘገብ ደግሞ ሽፋኑ እስከ ስድስት ወር ወደ ኋላ ስለሚቆጠር፣ ማስገባቱን አስቀድሞ ማቆም ይኖርበታል። የቤተሰቡ መድን የመጣው በእትዬ ሥራ በኩል ነው፤ እርሳቸው ገና 60 ዓመታቸው ነው። አጎቴ በዚያው መድን ከቆዩ፣ እትዬ የ2026ን የቤተሰብ ጣሪያ 8,750 እና የራሳቸውን 1,000 ብቻቸውን ማስገባት ይችላሉ።

ይህን ስነግራቸው እትዬ ስኒውን አስቀምጠው እስክሪብቶዬን ተቀበሉኝ፤ በፖስታው ጀርባ ላይ ሙሉ ስማቸውን ጽፈው፣ ከሥሩ 9,750 ብለው አሰፈሩ።