የድሮው የስልክ ሽቦ ለቢሮ ይበቃል ወይ?

በስልክ ሽቦ የሚመጣ ኢንተርኔት ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ያ የሚንጫጫው ዳያል አፕ ነው፤ ቢበዛ ለቤት የሚገባው ኤዲኤስኤል። እዚህ አሜሪካ ቢሮ ወይም ሱቅ የከፈቱ ወገኖቻችንም «ፋይበር ሕንፃችሁ ጋ አልደረሰም፣ ግን በመዳብ ላይ ኢተርኔት እንሰጣችኋለን» ሲባሉ (ኢተርኔት ማለት የቢሮ ኮምፒውተሮች በኬብል የሚገናኙበት ዘዴ ነው፤ እዚህ በስልክ ሽቦ ላይ ይሄዳል) ያረጀ ዕቃ ሊጫንባቸው የመጣ ነው የሚመስላቸው። አይፈረድባቸውም። ግን ይሄኛው ሌላ ነገር ነው። በደንብ ከተሠራ ለትንሽ ቢሮ አሪፍ ነው፤ ዕድሜው እያለቀ መሆኑን አውቃችሁ ከገባችሁበት።

ሽቦውን አትናቁት። ተራ የስልክ ጥሪ የሚፈልገው ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ያለችውን ጠባብ ክፍል ነው፤ ያው ሽቦ ግን ከዚያ እጅግ የሰፋ ሲግናል ይሸከማል። ፍጥነቱን የሚወስኑት በሁለቱ ጫፍ የሚሰኩት መሣሪያዎች እና የሽቦው ርዝመት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2004 የቴክኒክ ደረጃ የሚያወጣው የመሐንዲሶች ማኅበር አይ ትሪፕል ኢ 802.3ኤኤች የተባለውን የኢተርኔት ደረጃ አጸደቀ፤ ከዚያ ውስጥ ለቢሮ የሚሆነው 2ቤዝ-ቲኤል ነው። በአንድ ጥንድ ሽቦ 2 ሜጋቢት በሰከንድ እስከ 2.7 ኪሎ ሜትር ያደርሳል። ለስልክ ጣቢያው ቅርብ ከሆናችሁ እስከ 5.7 ሜጋቢት ገደማ ይወጣል። ቢሮዎች ስንት ዓመት ሲከራዩት የኖሩት ቲ-ዋን የሚባለው የዳታ መስመር 1.544 ሜጋቢት ነበር።

ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፣ አውቃለሁ። ግን መላኩም መቀበሉም እኩል ነው። ኤዲኤስኤል የተሠራው ለቤት ነው፤ ሲያወርድ ይሮጣል፣ ሲልክ ይንፏቀቃል። ቢሮ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ላኪ ነው፦ የስልክ ጥሪው በኢንተርኔት ነው፣ ባክአፑ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ካሜራው ምስል ይልካል።

ከዚያ ጥንዶቹ ይደመራሉ። የድሮ የንግድ ሕንፃ ምድር ቤት ወርዳችሁ ግድግዳው ላይ ያለውን የስልክ ሳጥን ብትከፍቱ ሽቦዎቹ በቀለም ተጣምረው ታገኟቸዋላችሁ፦ ነጭ ከሰማያዊ፣ ነጭ ከብርቱካናማ፣ ነጭ ከአረንጓዴ፣ ነጭ ከቡናማ፣ ነጭ ከግራጫ፣ እንዲህ እያለ እስከ 25 ጥንድ። ድሮ ለእያንዳንዱ ስልክ አንድ መስመር ይገባ ስለነበር ነው፤ ዛሬ አብዛኛው ሥራ ፈቶ ተቀምጧል። መሣሪያው ለምሳሌ ስምንት ጥንድ ወስዶ እንደ አንድ መስመር ያሠራቸዋል። ዳታውን ቆራርጦ በስምንቱ ይልክና ወዲያ ማዶ ይገጣጥመዋል፤ ቅርብ ከሆናችሁ ከ40 ሜጋቢት በላይ ይሄዳል። እኔ ከሁሉ የምወደው ግን አንዱ ጥንድ ቢበላሽ የቀሩት ሥራቸውን መቀጠላቸውን ነው። ፍጥነቱ ይቀንሳል እንጂ ቢሮው አይዘጋም። ዝናብ በመጣ ቁጥር ውሃ በሚገባው አሮጌ ኬብል ላይ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ችግሩ ርቀት ነው። የሚለካውም በመኪና መንገድ ሳይሆን ሽቦው ዞሮ ዞሮ በመጣበት ነው፤ ጣቢያው በመስኮት ቢታያችሁም ሽቦው ሩቅ ሊሆን ይችላል። ከ5.5 ኪሎ ሜትር በላይ የሆኑ መስመሮች ላይ ድሮ ድምፅ እንዳይደክም የተገጠሙ ጥቅልሎች አሉ፤ ከፍተኛውን ፍሪኩዌንሲ ስለሚያፍኑት ካልወጡ ምንም አይሠራም። ሌላ ሰው ቤት ይሄድ የነበረ ቅርንጫፍ ሳይቆረጥ ቀርቶ ሲግናሉን የሚያስተጋባበት ጊዜም አለ። ደግሞ በዚህ ጥንድ ላይ ተራ ስልክ አብሮ አይሄድም፣ ስልኩ የሚፈልገውን ዝቅተኛውን ፍሪኩዌንሲ ኢተርኔቱ ራሱ ይወስደዋል። ፋክስ ወይም የሌባ ማንቂያ ካላችሁ ለየብቻ መስመር አስቀሩ፤ ብዙ ሰው ይሄን የሚያስታውሰው ከተገጠመ በኋላ ነው።

ትናንሽ ድርጅቶች ይሄን አገልግሎት መሸጥ የቻሉት እ.ኤ.አ. የ1996ቱ የአሜሪካ የቴሌኮም ሕግ ነባሮቹ የስልክ ኩባንያዎች ሽቦአቸውን ለተፎካካሪ እንዲያከራዩ ስላስገደደ ነው። መንገድ ሳይቆፍሩ ደንበኛ አገኙ፣ ትንንሽ ቢሮዎችም አማራጭ አገኙ። ያ በር አሁን እየጠበበ ነው። ከነባሮቹ አንዱ የሆነው ኤቲ ኤንድ ቲ ከካሊፎርኒያ በስተቀር አብዛኛውን የመዳብ መረቡን እስከ እ.ኤ.አ. 2029 መጨረሻ ለመዝጋት ማቀዱን አሳውቋል።

ስለዚህ ፋይበር ሕንፃችሁ ከደረሰ ፋይበሩን ያዙ፣ ክርክር የለውም። ካልደረሰ መዳቡ ያሻግራችኋል፤ ግን የአምስት ዓመት ውል አትፈርሙ። ከመፈረማችሁ በፊት የሽቦው ርዝመት ስንት እንደሆነ፣ ስንት ጥንድ እንደሚሰጣችሁና አንዱ ቢቋረጥ የሚቀረው ፍጥነት ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ይስጧችሁ። ጥንዶቹ ሁሉ በአንድ ኬብል ነው ወይ የሚመጡት ብላችሁም ጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ አዎ ነው መልሱ፤ እንደዚያ ከሆነ አንድ ቆፋሪ ስምንቱንም ባንዴ ሊበጥሳቸው ስለሚችል ቢያንስ ለካርድ ማሽኑ በሲም የሚሠራ ተጠባባቂ ራውተር አስቀምጡ።