104 ከመቶ

መሬት እያለማ በሚሸጥ የመንግሥት ድርጅት ውስጥ ሪፖርት አዘጋጅ ነኝ። መንገድ፣ ውሃና መብራት አስገብተን፣ ሸንሽነን እንሸጣለን። ገበያው ሲሞቅ ሥራዬ ቀላል ነው፤ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። ሲቀዘቅዝ ግን ለቁጥሩ ጠበቃ የምቆምለት እኔ ነኝ።

ያ ዓመት ቀዝቃዛ ነበር። የባንክ ወለድ ጨመረ፤ ቤት ገዢ ጠፋ። ቀብድ የከፈሉ ቤት ሠሪዎች ሳይቀሩ "ትንሽ ጊዜ ስጡን" የሚል ደብዳቤ ማስገባት ጀመሩ። የዓመቱ ዕቅዳችን 1,000 ቦታ ነበር፤ በዘጠነኛው ወር የተሸጠው 380። ዋጋ መቀነስ መዘዝ አለው። አምና በሙሉ ዋጋ የገዛው ሰው በር ላይ ይቆማል፤ በእጃችን የቀረው መሬትም አብሮ ይረክሳል። ስለዚህ ዋጋው እንዳለ ቀረና የክፍያው ጊዜ ተራዘመ። ዕቅዱም ተከለሰ። 1,000 የነበረው 400 ሆነ።

ዓመቱ ሲያልቅ 416 ሸጥን። አፈጻጸም 104 ከመቶ። አረንጓዴ የቀባሁት እኔ ነኝ። "የተከለሰ" የምትለዋን ቃል ከሰንጠረዡ ግርጌ በደቃቅ ፊደል የከተትኳትም እኔው።

ከስብሰባው በፊት ለሪፖርቱ ሽፋን ፎቶ ፍለጋ ከቀያሹ ጋር ሳይት ወጣን። ዕድሜው የገፋ፣ ጋሼ የምንለው ሰው ነው። አስፋልቱ ያብረቀርቃል። የመንገድ መብራቱ በጠራራ ፀሐይ በርቷል፤ የሚያጠፋውም፣ በርቷል ብሎ የሚከስም ነዋሪ የለም። ጋሼ ሣሩን በጫማው እየገለጠ ችካል ይፈልጋል። ሦስተኛው ላይ ሲያጣው ቆመና "ይሄ መንገድ መኪና ሳያይ ሊያረጅ ነው" አለኝ። ፎቶ ሳላነሳ ተመለስኩ። ሽፋኑ ላይ ቤታቸው ደጃፍ ቆመው የሚስቁ ባልና ሚስት ከኢንተርኔት ወርደው ተለጠፉ። እኛ ቤት አንሠራም። ማንም ልብ አላለውም።

ወደ ስብሰባው ልምጣ። ከቦርድ አባላቱ አንዱ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው። ብዙ አይናገሩም። ስላይዱ ላይ 104 ሲመጣ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

"የምን 104 ነው?"

"የዕቅዱ።"

"የትኛው ዕቅድ?"

"የተከለሰው።"

"መቼ ተከለሰ?"

"በዘጠነኛው ወር።"

"ያኔ ስንት ሸጣችሁ ነበር?"

"380።"

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። "እንግዲህ ያረፈደ ሰው ሰዓቱን ወደ ኋላ መልሶ በጊዜ ደረስኩ ሊል ይችላል" አሉ፤ በጣም በዝግታ። ሥራ አስኪያጁ ገባበት። ተጨባጭ ሁኔታውን ያገናዘበ ክለሳ ነው፣ ገበያው የፈጠረው ጫና ነው፣ ሌላም ሌላም። ሪፖርቱ ጸደቀ። ሻይ መጣ።

ኮሪደር ላይ ሥራ አስኪያጁ ክንዴን ያዘኝ።

"ዘጠነኛው ወር ለምን አልክ?"

"ጠየቁኝ እኮ።"

"ጠየቁህ እንጂ መልስ መቼ አሉህ?"

ይህችን ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ አልተፋኋትም። አንዳንድ ቀን ያስቀኛል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ያንገበግበኛል። ሳስበው ግን የተናደድኩት እሱ ላይ አልነበረም። አዛውንቱ ቁጥሩን አምስት ጥያቄ ሳይሞሉ አፈረሱት። እኔ ሦስት ሳምንት አምሽቼ ነበር የሠራሁት።

ደግሞ ዕድለኞች ነን፤ አምስተኛውን አልጠየቁም። ከ416ቱ ግማሽ ያህሉን የወሰደው ሌላ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። የተከፈለ ገንዘብ የለም፤ ማህተም ያለበት ደብዳቤ አለ። ከቀኝ ኪስ ወደ ግራ ኪስ። ይህን እኛ አልፈጠርነውም። እ.ኤ.አ. በ2022 በቻይና መንግሥት ከመሬት የሚያገኘው ገቢ 23.3 ከመቶ ሲወርድ፣ የገንዘብ ሚኒስቴሩ የመንግሥት ድርጅቶች መሬት እየገዙ ገቢውን እንዳያሳብጡ በጽሑፍ እስከ መከልከል ደርሷል። መከልከል ካስፈለገ የሚያደርገው ሰው በዝቷል ማለት ነው።

የሂሳብ ኃላፊዋ ግን በደብዳቤ አትታለልም። "አንተ ሸጥን ካልከው ግማሹ እኔ መዝገብ ላይ የለም" አለችኝ። ገቢ መቼ እንደሚመዘገብ የሚደነግገው ዓለም አቀፍ የሂሳብ ደረጃ፣ አይኤፍአርኤስ 15፣ የሚለው ግልጽ ነው፤ ገቢ የሚመዘገበው ንብረቱ በገዢው ቁጥጥር ሥር ሲገባ ነው። ርክክብ ከሌለ ገቢ የለም። ያልተሸጠው መሬት ላይም ኦዲተሮቹ የክምችት፣ ማለትም ለሽያጭ የተያዘ ንብረት፣ የሂሳብ ደረጃ የሆነውን አይኤኤስ 2ን ይዘው መጡ። ክምችት ከወጣበት ወጪና ተሸጦ ከሚያስገኘው የተጣራ ገንዘብ ባነሰው ይያዛል ይላል። ሥራ አስኪያጁ "መሬትም ይረክሳል እንዴ?" ብሎ ከልቡ ደነገጠ። ዋጋ አንቀንስም ያልነው መሬቱ እንዳይረክስ ነበር፤ ኦዲተሮቹ ግን የዋጋ ዝርዝራችንን አልጠየቁም፤ የጠየቁት ገበያውን ነው። ከአንድ መሥሪያ ቤት፣ በአንድ ዓመት፣ ሁለት ሪፖርት ወጣ። የኔው 104 ከመቶ ይላል። የሷው ለመንግሥት የሚገባው የትርፍ ድርሻ የለም ይላል።

በዓመቱ ሰንጠረዡ ላይ አንድ ዓምድ ጨመርኩ፤ "የመጀመሪያው ዕቅድ" የሚል። ሥራ አስኪያጁ አየውና "ገጹን አጨናነቀው" አለ። አወጣሁት። አዛውንቱ ከጠየቁ ብዬ ግን ያልወጣበትን ቅጂ አትሜ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ገባሁ። የሥራ ዘመናቸው አልቆ በሌላ ሰው ተተክተዋል። አዲሱ አባል ጥሩ ሰው ነው፤ ስላይዱን በስልኩ ፎቶ አንስቶ "ጎበዞች" አለን።

የዘንድሮው ዕቅድ 300 ነው። እስካሁን አልተከለሰም። ገና ስድስተኛው ወር ላይ ነን።