ቁልፉን አልለቅም ያለኝ ኮርቬት

ባለፈው ቅዳሜ ከአንድ ቀይ መኪና አጠገብ የተነሣሁትን ፎቶግራፍ ለአዲስ አበባ ጓደኞቼ ላክሁ። አንዱ ወዲያው «አሜሪካ ድረስ ሄደህ የ1972 ሞዴል ትነዳለህ?» ሲል ጻፈልኝ። ሌላው ዋጋውን ጠየቀ።

መኪናው የእኔ አይደለም። የምሠራው ዋሽንግተን ዲሲ በሚገኝ የመኪና ማቆሚያ ነው፤ ደንበኞች ቁልፉን ይሰጡናል፣ መኪናውን ወስደን የምናቆመው እኛ ነን። የዚህ መኪና ባለቤት ደንበኛችን ናቸው። ሼቭሮሌት ኮርቬት ስቲንግሬይ ይባላል። አካሉ ፋይበርግላስ ነው፤ የፊት መብራቶቹ ተከድነው ይቆዩና ሲበሩ ብቅ ይላሉ። ከፊትም ከኋላም የክሮም መከላከያ ይዞ የወጣው የመጨረሻው ሞዴል የ1972ቱ ስለሆነ ወዳጆቹ እንደ ልጅ ያቀማጥሉታል። እኛ ሞዴሉ አዲስ ካልሆነ ቀና ብለን አናይም፤ እነርሱ ሃምሳ ዓመት ላለፈው መኪና እንደ ጋቢ ያለ ልብስ ያለብሱታል።

መጀመሪያ የመጡ ዕለት ሰውየው ቁልፉን ጨብጠው «ማርሽ መቀየር የሚችል አለ?» አሉ። እዚህ የተወለዱት ባልደረቦቼ ከአውቶማቲክ በቀር አያውቁም። እኔ ሰባት ዓመት ላዳ ታክሲ የነዳሁ ሰው ነኝና ደረቴን ነፍቼ ተቀበልሁ። ፍሪሲዮኑ ከባድ ነው፤ ባለ ስምንት ሲሊንደሩ ሞተር ሲነሣ ድምፁ ወገብ ድረስ ይሰማል። ሳላንገጫግጭ ምድር ቤት አውርጄ በጠባብ ቦታ አቆምሁት።

ከዚያ ቁልፉን ብስበው አልወጣ አለ። መሪውን ግራና ቀኝ አወዛወዝሁ፤ አንደኛ ማርሽ አስገባሁ፤ እንቢ አለ። ላይ መኪናቸውን የሚጠብቁ ሰዎች ተሰልፈዋል። ኃላፊዬ ወርዶ በሰው ፊት «አውቃለሁ ብለህ ሰበርኸው!» ብሎ ጮኸብኝ። ላቤ በጀርባዬ ወረደ።

ባለቤቱ ተጠርተው መጡ። ጎንበስ ብለው ኋላ ማርሽ አስገቡ፤ ቁልፉ በሁለት ጣት ወጣ። ጀኔራል ሞተርስ በ1969 ሞዴሎቹ የቁልፉን ቦታ ወደ መሪው ዘንግ ሲያዛውር፣ ለሌባ እንዳይመች መሪውም ማርሹም አብረው እንዲቆለፉ አድርጎ ሠርቶታል። ኋላ ማርሽ ካልገባ ቁልፉ አይለቅም።

ልትመጡ የምታስቡ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ሙያችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ያበላችኋል። ነገር ግን ቁልፍ ስትቀበሉ «ይህ መኪና የተለየ ጠባይ አለው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። እኛ ዘንድ መጠየቅ እንደ አለማወቅ ይቆጠራል፤ እዚህ የሚያስከፍለው ዝምታው ነው።

ኃላፊዬ እስከ ዛሬ ይቅርታ አላለኝም። ባለቤቱ ግን ባለፈው ቅዳሜ ሲመጡ እርሱ እጁን ቢዘረጋም አልፈውት ቁልፉን ለእኔ ሰጡኝ። ፎቶግራፉን ያነሡኝም እርሳቸው ናቸው።